ለምግብ ተብሎ በሚደረግ የደቡብ ምሥራቅ እስያ የቡድን ጉዞ ስንት ከተማ ይበቃል?

ጥያቄ፦ «አሥራ አንድ ጓደኛሞች ነን፤ ሰባታችን አዲስ አበባ፣ አራታችን ዋሽንግተን አካባቢ እንኖራለን። በመጪው መጋቢት ለአሥራ ሰባት ቀናት ምግብን ዋና ዓላማ ያደረገ ጉዞ አስበናል። መስመራችን ከታይላንድ ባንኮክና ችያንግ ማይ፣ ከላኦስ ሉዋንግ ፕራባንግ፣ ከቬትናም ሃኖይና ሳፓ፣ ከማሌዥያ ፔናንግ፣ በመጨረሻም ሲንጋፖር ነው። አራቱ ጓደኞቻችን በጉዞም ላይ ቢሆኑ ጾም አይሽሩም፤ ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው። አገሮቹ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ስለሆኑ የጾም ምግብ እንደ ልብ ይገኛል ብለን እናምናለን። ጥሬ ሥጋ የለመድን ስለሆንን የአካባቢውን ጥሬ ምግብ ለመቅመስ አንፈራም። የሚያሳስበን የደጋው ከፍታና የመንገድ ዳር ምግብ ንጽሕና ነው። ምን ይመክሩናል?»

ምላሽ፦ ዕቅዱ በተጻፈበት መልኩ እንዲፈጸም አልመክርም። ሰባቱ ቦታዎች ወደ አምስት መውረድ አለባቸው፤ ወሩ ከመጋቢት ወደ ጥቅምት መጨረሻና ወደ ኅዳር አጋማሽ መዛወር አለበት፤ መነሻው ሃኖይ፣ መድረሻው ባንኮክ መሆን አለበት። ያሳሰባችሁ የደጋው ከፍታ ለእናንተ ጉዳይ አይደለም፤ በቀላሉ ያለፋችሁት የጥሬ ምግብ ነገር ግን በጥያቄያችሁ ውስጥ ካሉት ሁሉ አደገኛው ነው።

በመጀመሪያ የቀናቱን ስሌት እንመልከት። ሰባት ቦታ ማለት ስድስት ጊዜ ሻንጣ ሸክፎ መነሣት ማለት ነው። አሥራ አንድ ሰው ከሆቴል ወጥቶ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ፣ በረራ ጠብቆ፣ በሌላ ከተማ አልጋ እስኪይዝ ድረስ የአንድ ሰዓት በረራ እንኳ ከቀኑ ግማሹን ይወስዳል። ሳፓ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ከሃኖይ በሌሊት ባቡር ስምንት ሰዓት ያህል ወደ ላዎ ካይ ተጉዞ ከዚያ በመኪና ተራራውን መውጣት፣ ወይም በፈጣኑ መንገድ አምስት ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ መቀመጥ ግድ ነው። ከሰሜን ታይላንድ ወደ ሉዋንግ ፕራባንግ በመኮንግ ወንዝ በጀልባ የሚሄድ ሰውም እስከ ድንበሩ ያለውን መንገድ ሳይጨምር ሁለት ቀን በውኃ ላይ ያሳልፋል። ይህ ሁሉ ሲደመር ከአሥራ ሰባቱ ቀናት ቢያንስ አራቱ ወይም አምስቱ በመንገድ ላይ ያልቃሉ።

ለቤተ መቅደስና ለቤተ መንግሥት የመጣ ጎብኚ ይህን ያህል ላይጎዳ ይችላል፤ የሚያየው ነገር ቀኑን ሙሉ በቦታው ይቆያልና። ምግቡ ግን ሰዓት አለው። በሃኖይ ጥሩ የሚባለው የፎ (የሩዝ ኑድል ሾርባ) መረቅ ሌሊቱን ሲንተከተክ ያድርና ገና ጎሕ ሲቀድ መሸጥ ይጀምራል፤ ብዙዎቹ የታወቁ ቤቶች ረፋዱ ላይ ድስታቸውን ጨርሰው ይዘጋሉ። የችያንግ ማይ ካዎ ሶይ (በኮኮናት ወተት የሚሠራ የኑድል ወጥ) የምሳ ምግብ ስለሆነ ከቀትር በኋላ ዘግየት ብሎ የሄደ ሰው የተዘጋ በር ያገኛል። የሉዋንግ ፕራባንግ ገበያ ሙሉ ሆኖ የሚታየው በማለዳ ነው። የባንኮክ ቻይናውያን ሰፈር፣ የያዎራት መንገድ፣ በተቃራኒው ሕይወት የሚዘራው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። በዚህ ላይ አብዛኞቹ ምርጥ ሻጮች የሚሠሩት አንድ ምግብ ብቻ ነው፤ ለሠላሳ ወይም ለአርባ ዓመት አንዱን ምግብ ብቻ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ ዝርዝር አይጠየቁም። ስለዚህ በአንድ ከተማ አንድ ሌሊት አድሮ የሚያልፍ ቡድን ያለው አንድ ማለዳ ብቻ ነው፣ በአንድ ማለዳም ከአንድ ወይም ከሁለት ምግብ በላይ በቅጡ መቅመስ አይቻልም። ከዚህ የተነሣ ለምግብ የሚጓዝን ቡድን በአንድ ቦታ ከሦስት ሌሊት ላላነሰ ጊዜ እንዲቆይ አጥብቄ እመክራለሁ።

መጋቢት ለእናንተ በሁለት ምክንያት የማይስማማ ወር ነው። አንደኛው ዐቢይ ጾም ነው፤ አራቱ ጓደኞቻችሁ ጉዞውን ከዳር እስከ ዳር በጾም ያሳልፋሉ ማለት ነው። ሁለተኛው ጢስ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ በሰሜን ታይላንድ፣ በላኦስና በምያንማር ተራሮች ገበሬው የማሳውን ቃርሚያ ያቃጥላል፣ የደን እሳትም ይነሣል። ችያንግ ማይ በተራሮች የተከበበች ሜዳ ላይ ስለተቀመጠች ጢሱ እንደ ክዳን ይደፋባታል፤ በእነዚህ ሳምንታት ከተማዋ አየራቸው እጅግ ከተበከለ የዓለም ከተሞች ተርታ ደጋግማ ትገባለች። ደጋውን ለማየት ሄዳችሁ ተራራውን ሳታዩት ትመለሳላችሁ፤ አስም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ነገሩ ከማዘን ያልፋል። ታኅሣሥና ጥር አየሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከኅዳር 15 እስከ ገና ጾመ ነቢያት አለ። ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜም በጾም በኩል ቢመችም የቬትናም አዲስ ዓመት፣ ቴት፣ በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሯሪ አጋማሽ መካከል እየተዘዋወረ ስለሚውል፣ በዚያ ሳምንት ሃኖይ የደረሰ ቡድን ገበያውም ምግብ ቤቱም ተዘግቶ ባለቤቶቹ ወደ ትውልድ መንደራቸው ሄደው ያገኛል።

የቀረው፣ እኔም የምመርጠው፣ ከጥቅምት 28 ገደማ እስከ ኅዳር 14 ያለው ጊዜ ነው። ዝናቡ በሰሜን ቬትናም፣ በላኦስና በሰሜን ታይላንድ ቆሟል፤ ሙቀቱም ቀዝቀዝ ብሏል። ጾመ ጽጌን በፈቃዳቸው የሚጾሙ ካሉ እስከ ኅዳር 5 ይጾማሉ፤ ለሌሎቹ የሚቀረው ረቡዕና ዓርብ ነው። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ በዚህ ወቅት ርካሽ በረራ አይታችሁ የመካከለኛውን ቬትናም ከተሞች፣ ሁዌንና ሆይ አንን፣ እንዳትጨምሩ። ኦክቶበርና ኖቬምበር በዚያ የከባድ ዝናብና የጎርፍ ወራት ናቸው።

አሁን ወደ ምግቡ ልግባ፤ በቡድናችሁ ሁኔታ ላይ ሰፋ አድርጌ ማስረዳት የሚገባኝ እዚህ ነው። «ቡድሂስቶች ስለሆኑ የጾም ምግብ አይጠፋም» የሚለው ግምት ስሕተት ነው። በታይላንድና በላኦስ ያለው፣ ቴራቫዳ የተባለው የቡድሃ እምነት ሥርዓት መነኮሳቱን እንኳ ሥጋ አይከለክላቸውም፤ በማለዳ ምጽዋት የተሰጣቸውን ይመገባሉ። የቬትናም መነኮሳት የሚከተሉት የማሃያና ሥርዓት ግን ከሥጋ ያርቃል፤ ምእመኑም በጨረቃ አቆጣጠር በወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ከሥጋ የመታቀብ ልማድ አለው። በዚህ ምክንያት ሃኖይ ለጾመኛ ከሉዋንግ ፕራባንግ ይልቅ ትቀላለች።

ችግሩ ያለው በሚታየው ሥጋ ላይ አይደለም። ጎመን ብቻ መስሎ የቀረበ ሳህን ከዓሣና ከጨው ተብላልቶ በሚወጣው ቀጭን ሶስ የጨው ጣዕሙን አግኝቷል፤ በታይላንድ ናም ፕላ፣ በቬትናም ኑዎክ ማም ይሉታል፣ በላኦስ ደግሞ ወፍራሙና ጠንከር ያለ ሽታ ያለው ፓዴክ አለ። የቃሪያ ድልሁ ውስጥ የተብላላ ሽሪምፕ ይገባል፣ ጎመን መጥበሻው ላይ የኦይስተር ሶስ ይጨመራል፣ የአትክልት ሾርባው በአሳማ አጥንት መረቅ ይሠራል። በእኛ አገር ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ አራቱ ጓደኞቻችሁ ከመሄዳቸው በፊት የዓሣ ሶስን እንደ ዓሣ ይቆጥሩት እንደሆነ ለየራሳቸው መወሰን አለባቸው። ይህን ያልወሰነ ሰው በየጉሊቱ ፊት ቆሞ ይከራከራል፣ ቡድኑም ይቆማል።

መፍትሔው ትክክለኛውን ቃል ማወቅ ነው። በታይላንድ «ማንግሳዊራት» ብትሉ ከሥጋ የራቀ፣ ነገር ግን እንቁላልና ወተት ሊኖረው የሚችል ምግብ ይቀርብላችኋል፤ የምትፈልጉት ቃል «ጄ» ነው። ከቻይናውያን ሥርዓት የመጣው የጄ ምግብ ሥጋም፣ ዓሣም፣ የዓሣ ሶስም፣ እንቁላልም፣ ወተትም የሌለበት ሲሆን ከእኛ ጾም በላይ ሄዶ ነጭ ሽንኩርትንና ቀይ ሽንኩርትን ጭምር ይከለክላል። በቢጫ ሰሌዳ ላይ በቀይ የተጻፈውን የጄ ምልክት አንድ ጊዜ ከለያችሁት በባንኮክና በችያንግ ማይ ዓመቱን ሙሉ ታገኙታላችሁ። በቬትናም ቃሉ «ቻይ» ነው፤ በዚያ ግን እንቁላልና ወተት ሊገባ ስለሚችል ተጨማሪ ጥያቄ ያስፈልጋል። ሁለቱንም በየአገሩ ጽሕፈት በካርድ አጽፋችሁ ያዙ፤ የቃሉ ፍቺ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ የሚለወጥባቸው ቋንቋዎች ስለሆኑ በእኛ አፍ የተነገረው ብዙ ጊዜ አይሰማም።

ለጾመኛው የሚያስደስት ነገርም አለ። በአካባቢው ባህላዊ ማዕድ ቅቤና ወተት እምብዛም ቦታ የላቸውም፤ ወጡን የሚያወፍረው የኮኮናት ወተት ነው። በሃኖይ ማለዳ የሚሸጠው ሶይ የሚባለው፣ ከተከካ ማሾ ጋር የተቀቀለ ተጣባቂ ሩዝ፣ የተጠበሰው ሽንኩርት በአሳማ ስብ አለመጠበሱ ከተጠየቀ ለጾም ይሆናል። በመከር ወራት ኮም የሚባል የሩዝ እሸት ይሸጣል፦ ገና አረንጓዴ ሳለ ተቆልቶና ተወቅጦ በሎተስ ቅጠል ይጠቀለላል፤ በምትሄዱበት ጊዜ ወቅቱ ወደ ማለቁ ስለሆነ በመጀመሪያው ማለዳ ፈልጉት። በሉዋንግ ፕራባንግ ከወንዝ የሚወጣ አልጌ ደርቆ፣ ሰሊጥ ተነስንሶበት፣ ተጠብሶ ይቀርባል፤ ካይ ፔን ይሉታል። አብሮት የሚመጣው ጄዎ ቦንግ የተባለው ጣፋጭ ድልህ ግን የጎሽ ቆዳ ስላለበት ለጾመኛ አይሆንም።

ከሁሉም በላይ ልታዩት የሚገባችሁ የሻን ሕዝብ ምግብ ነው። ሻኖች ዋና አገራቸው በምያንማር ደጋ ላይ ቢሆንም በታይላንድ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ በሜ ሆንግ ሶን፣ ብዙ ናቸው። የሻን ቶፉ ከአኩሪ አተር አይሠራም፤ የሚሠራው ከሽንብራ ዱቄት ነው። ዱቄቱ በውኃ ተበጥብጦ ሲፈላ ወፍራም ቢጫ ሽሮ የሚመስል ነገር ይሆናል፤ ትኩሱን በሩዝ ኑድል ላይ አፍስሰው ይበሉታል፣ የቀዘቀዘውንና የረጋውን ደግሞ ቆራርጠው ይጠብሱታል። ቶዋ ናው የሚባለው፣ ተብላልቶና በስሱ ተጠፍጥፎ በፀሐይ የደረቀ አኩሪ አተር፣ በሌላው አካባቢ የተብላላ ሽሪምፕ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። እዚያም ቢሆን የሚጨመረውን ነገር መጠየቅ ባይቀርም፣ መሠረቱ ጥራጥሬ የሆነ ማዕድ ነው። የኢትዮጵያ ተጓዥ ይህን ሳይቀምስ ከሰሜን ታይላንድ መመለሱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

አሳማን በተመለከተ ጥያቄያችሁ ስለ ሁለቱ ሙስሊሞች ብቻ ያነሣል፤ እኔ እንደምገምተው ግን ከቀሩት ዘጠኙም አብዛኞቹ አሳማ አይበሉም። ከሆነ ዝርዝራችሁ በእጅጉ ይቀየራል። የሃኖይ ታዋቂ የምሳ ምግብ ቡን ቻ የከሰል ጥብስ አሳማ ነው፤ ባን ኩዎን በተባለው ስስ የሩዝ ቂጣ ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው የአሳማ ሥጋ ነው፤ የችያንግ ማይ ቋሊማ ሳይ ኡዋም እንዲሁ። የሚቀርላችሁ ግን ትንሽ አይደለም፦ የበሬና የዶሮ ፎ፣ የዶሮና የበሬ ካዎ ሶይ፣ ዓሣው በእርድ ተለውሶ እንስላል በሚመስል ቅጠል የሚጠበስበት የሃኖዩ ቻ ካ። ለቻ ካ በአብዛኛው የሚመረጠው ዓሣ የአምባዛ ወገን፣ ቅርፊት የሌለው እንደሆነ የሚጠነቀቁ ሰዎች ይወቁት። ለሙስሊሞቹ ጓደኞቻችሁ ችያንግ ማይ ከገመታችሁት በላይ ትመቻለች። ከዩናን የመጡ ቻይናውያን ሙስሊሞች በከተማዋ መካከል የባን ሆ መስጊድን ይዘው ይኖራሉ፤ ካዎ ሶይም ከእነርሱ ጋር የተያያዘ ምግብ ነው፤ በመስጊዱ አጠገብ ዓርብ ማለዳ የሚቆመው ገበያ ደግሞ ለመላው ቡድን የሚሆን ነው። በሃኖይ አንድ መስጊድ በአሮጌው ሰፈር አለ፣ የሐላል ምግብ ቤቶች ግን ጥቂት ናቸው፤ በሉዋንግ ፕራባንግ ዓሣና አትክልት ላይ መወሰን ይሻላል። በሐላል ምልክት ያለ ቤት አሳማ ስለማይገባ ለክርስቲያኖቹም ምቹ ነው፤ በእርድ ጉዳይ የየራሱ ልማድ ያለው ሰው ካለ ግን ነገሩን ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩበት።

ጥሬ ምግብን በሚመለከት አቋሜ የማያወላውል ነው፦ አትብሉ። ቁርጥና ክትፎ መልመድ በዚህ ጉዳይ ምንም መከላከያ አይሰጥም። በአገራችን ጥሬ ሥጋ የሚያመጣው የታወቀ ችግር ኮሶ ነው፤ እርሱም በመድኃኒት ይወጣል። በሰሜን ታይላንድና በላኦስ ላብ ዲፕ የሚባለው ጥሬ ክትፍ ሥጋ ከጎሽ ወይም ከበሬም ቢሠራ ብዙ ጊዜ የአሳማ ነው፤ ሉ የሚባለው ደግሞ ጥሬ ደም አለበት፤ በቬትናም ቲየት ካን የሚሉት የረጋ ጥሬ ደምም ተመሳሳይ ነው። ከጥሬ አሳማና ከደሙ ስትሬፕቶኮከስ ሱዊስ የሚባል ባክቴሪያ ይተላለፋል፤ ማጅራት ገትር ያስከትላል፣ ከሞት የተረፈውንም ብዙ ጊዜ እስከ ዕድሜ ልክ ያደነቁራል። የጥሬ ዓሣው ጉዳት ደግሞ ዘግይቶ የሚመጣ ነው። በላኦስና በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ኮይ ፕላ የሚባለው ጥሬ የወንዝ ዓሣ በሐሞት ቧንቧ ውስጥ የሚኖር የጉበት ትል ያስተላልፋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1994 እ.ኤ.አ. ይህን ትል ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፣ አካባቢውም በሐሞት ቧንቧ ካንሰር ብዛት ከዓለም ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ሎሚ ዓሣውን ቢያነጣውም ትሉን አይገድለውም፤ አረቄ አብሮ መጠጣትም እንዲሁ። ላብ መቅመስ የምትፈልጉ የበሰለውን፣ «ላብ ሱክ» ብላችሁ እዘዙ፤ ቅመሙ ያው ነው።

ከአረቄ አንጻርም አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በኖቬምበር 2024 እ.ኤ.አ. በላኦስ ቫንግ ቪየንግ ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ የጠጡ ስድስት የውጭ አገር ጎብኚዎች ሞተዋል። ሜታኖል በቀለምም በሽታም በጣዕምም አይለይም። የታሸገ ቢራ ጠጡ፤ ያልታሸገ ወይም በነጻ የሚታደል ጠንካራ መጠጥ፣ በመንደር ግብዣም ቢሆን፣ በትሕትና እምቢ በሉ።

የመንገድ ዳር ምግብ ከዚህ ሁሉ ሲታይ ቀላሉ ነው። ሰልፍ ያለበት፣ ፊታችሁ የሚበስልና እሳት እንደለቀቀ የሚቀርብ ምግብ በትልቅ ሆቴል ቀኑን ሙሉ ለብ ብሎ ከተቀመጠ ቡፌ የተሻለ ዋስትና አለው። የምታመልጡት ከማለዳ ጀምሮ ተደርድሮ የቀዘቀዘውን፣ በቧንቧ ውኃ የታጠበ ጥሬ ቅጠልንና ምንጩ ያልታወቀ በረዶን ነው፤ በታይላንድ መሐሉ ቀዳዳ የሆነው ሲሊንደር በረዶ በፋብሪካ የሚሠራ ስለሆነ በአብዛኛው አይጎዳም። ሆዱ የተበላሸበት ሰው የሚያስፈልገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዕረፍት ነው፤ ትኩሳት ወይም ደም ካየ ግን ሐኪም ጋ መሄድ አለበት። በርበሬ ስለለመድን የእነርሱ ቃሪያ አያስቸግረንም ማለትም ትክክል አይደለም፤ የእኛ በርበሬ ደርቆና ከቅመም ጋር በስሎ የሚገባ ሲሆን የእነርሱ ትንንሽ ቃሪያ ጥሬውን ከኮምጣጣ ጋር ስለሚወቀጥ ባዶ ሆድ ላይ ያቃጥላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በመጠኑ ጀምሩ።

ከፍታን በተመለከተ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች፣ ሳፓ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ችያንግ ማይ 300 ሜትር ብቻ ላይ። የታይላንድ ከፍተኛው ተራራ ዶይ ኢንታኖን 2,565 ሜትር ነው፤ ከእንጦጦ እንኳ ዝቅ ይላል። የከፍታ መድኃኒት አያስፈልጋችሁም። ለአዲስ አበባ ሰው የሚከብደው የባንኮክ ሙቀትና ወበቅ ነው፤ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጥላ ማረፍን ከዕቅዱ ውስጥ አስገቡ።

ሳፓን ያወጣኋት ውብ ስላልሆነች አይደለም። የሩዝ እርከኖቿ በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ነገር ግን ከተማዋ በሆቴልና በገመድ ማመላለሻ ጎብኚ ተጥለቅልቃለች፣ ደህናው የገበያ ምግብ ያለው ወጣ ብሎ እንደ ባክ ሃ ባሉ የእሑድ ገበያዎች ነው፣ በዚያም ድስቱ የፈረስና የአሳማ ነው። ለእናንተ ቡድን ደጋው ሜ ሆንግ ሶን ይሁን። ከችያንግ ማይ ተነሥቶ ወደዚያው የሚመልሰው የዙሪያ መንገድ 1,864 ኩርባዎች እንዳሉት ይነገራል፤ መኪና የሚያዞረው ሰው መድኃኒቱን ይያዝ። ፔናንግና ሲንጋፖር ድንቅ የምግብ ከተሞች ቢሆኑም ከማሌዥያዎቹ ከኩዋላ ላምፑርና ከካሜሮን ደጋ ጋር ሌላ ጉዞ ናቸው፤ ለሙስሊሞቹ ጓደኞቻችሁም ያ ጉዞ ሙሉ በሙሉ የሚመች ይሆናል።

ስለዚህ ሃኖይ አምስት ሌሊት፣ ሉዋንግ ፕራባንግ ሦስት፣ ችያንግ ማይ ሁለት፣ ሜ ሆንግ ሶን ሁለት (ከሦስት ሌሊት ያነሰችው እርሷ ብቻ ናት)፣ ሲመለሱ ችያንግ ማይ አንድ፣ ባንኮክ ሦስት እደሩ። የኖቬምበር ሙሉ ጨረቃ በችያንግ ማይ ቆይታችሁ ላይ ከዋለ የፋኖስ በዓሉ ስለሚያጨናንቅ ሆቴል ከወራት በፊት ያዙ። አሥራ አንድ ሆናችሁ አብራችሁ መብላት የምትችሉት በቀን አንድ ጊዜ፣ እራት ላይ ነው፤ በታይላንድና በላኦስ ማዕድ ሁሉም ከመሐል ስለሚነሣ ለእራት ብዙ መሆን ይጠቅማል። ቁርስና ምሳን ግን በሦስትና በአራት ተከፋፈሉ፤ የሃኖይ ጉሊት ያላት ስድስት ዝቅተኛ የፕላስቲክ በርጩማ ነው፣ አሥራ አንድ ሰው ሲደርስባት የሠፈሩ ደንበኛ ይነሣል። ጾመኞቹ ረቡዕና ዓርብ ከአንድ የጋራ ምድብ ሆነው ወደ ጄ ወይም ወደ ቻይ ቤት ይሂዱ። ለጋራ ወጪ አንድ ሰው ገንዘብ ይያዝ፤ በቬትናም የ20,000 እና የ500,000 ዶንግ ኖቶች ሁለቱም ሰማያዊ ስለሆኑ በምሽት ብርሃን ሳታስተውሉ አትክፈሉ።

የመስመሩን አቅጣጫ የወሰነው ቪዛ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሄዱት ለታይላንድ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ቢያገኙና ጉዞውን በባንኮክ ጀምረው ወደ ላኦስና ወደ ቬትናም ቢወጡ፣ ለመመለሻው በረራ ዳግም ወደ ታይላንድ ለመግባት ቪዛቸው አልቋል። ከሃኖይ ጀምሮ በባንኮክ መጨረስ ይህን ያስቀራል። ቬትናም ከኦገስት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም አገር ዜጎች እስከ 90 ቀን የሚያቆይ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ትሰጣለች፤ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዙትም ይህ ያስፈልጋቸዋል። ወደ ታይላንድ ከመግባታችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ደግሞ የመግቢያ ቅጹን በኢንተርኔት መሙላት አለባችሁ። ለሌላው ዝርዝር ሕጉ ስለሚለዋወጥ የየኤምባሲዎቹን መረጃ ተመልከቱ።

ከቲኬት በፊት ግን የክትባት ካርዳችሁን አውጥታችሁ እዩ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ ስለሆነች ታይላንድ ከኢትዮጵያ ከሚመጣ መንገደኛ የክትባት ምስክር ወረቀት ትጠይቃለች፤ ከዋሽንግተን የሚመጡት አራቱም ከሰባቱ ጋር ከአዲስ አበባ የሚነሡ ከሆነ እንዳይረሱት። ምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ አንዴ የተወሰደው ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ስለዚህ አሮጌው ካርድ አሥር ዓመት ስላለፈው ብቻ አይወድቅም። የጠፋበት ሰው ዛሬውኑ መጠየቅ ይጀምር፤ የታይፎይድና የሄፓታይተስ ኤ ክትባትም በዚያው ቀጠሮ ይወሰድ።